በረዶ ለማየት የወጡ ሰዎች

ፒያሳ አንድ ካፌ ተቀምጬ አስተናጋጇ ለስላሳዬ ላይ በረዶ ጨመረችበት። በረዶው ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ቤታችን እሪ በከንቱ ሰፈር። አሰሳ ሊመጣ ነው ሲባል የእንግሊዝኛ አስተማሪ የነበረው አባቴ የፈረንጅ ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት ሁሉ ከሰል ምድጃ ላይ አቃጠለ። አንዷን ፖስት ካርድ "እሳቱ ውስጥ ጨምሪያት" ብሎ ሲሰጠኝ ግን አሳዘነችኝና ደብተሬ ውስጥ ደበቅኳት። አብሮት ያስተምር የነበረ ካናዳዊ ከአገሩ የላከለት ናት፤ ትንሽ ከተማ፣ በረዶ የሆነ ወንዝ፣ ድልድዩ ላይ የተኮለኮለ ሕዝብ።

ለአሰሳ ከገቡት አብዮት ጠባቂዎች አንዱ ደብተሬን ሲያራግፍ ወደቀች።

"ይሄ ሁሉ ሰው ለምን ተሰበሰበ?" አለው አባቴን።

"ብርዱ ሲያልፍ የወንዙ በረዶ ይሰነጠቃል። እሱን ለማየት ልጅ አዋቂው ይወጣል፤ ልማዳቸው ነው።"

"በረዶ ለማየት? ትቀልድብኛለህ!"

በጠመንጃው ሰደፍ አገጩን መታው። ቀጭ ሲል ሰማሁ። አባቴ ሁለት ጥርሱን ከነደሙ መዳፉ ላይ ተፋ።

"ማነው ደብተር ውስጥ የደበቀው?"

"እኔ ነኝ" አለ አባቴ።

መዋሸት ኃጢአት ነው ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነበር፤ ለምን እንደዋሸ አልገባኝም። በእግራቸው እየረገጡ፣ በሰደፍ እየደበደቡ ጎትተው ወሰዱት። ከሰፈሩ አንድ ሰው እንኳ ለማየት አልወጣም። አባቴም አልተመለሰም።

"ምነው እናቴ፣ አልጠጡትም?" አለችኝ አስተናጋጇ።

"በረዶ ጥርሴን ያመኛል" አልኳት።