ማክሰኞ ማክሰኞ ስንገፋፋ

ለንደን፣ ኬኒንግተን ወዳለው አዳራሽ የላከኝ የሰፈሬ ሐኪም፣ ጂፒዬ ነው። መውደቅ ጀምሬ ነበር። አንድ ጊዜ ከአውቶቡስ ስወርድ፣ ሌላ ጊዜ በገዛ ወጥ ቤቴ ውስጥ። ወጥ ቤት የወደቅሁ ዕለት መሬቱ ላይ ተጋድሜ ማንን እንደምጠራ ሳስብ ቆየሁና፣ የምጠራው ሰው ሳጣ ራሴው ተነሣሁ። ይህንን ለሐኪሙ አልነገርኩትም። ሚዛን ያስጠብቃል፣ ትንፋሽ ያስተካክላል ብሎ ቺጎንግ የሚባል የቻይኖች እንቅስቃሴ አዘዘልኝ። ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሴቶች ይህን ሲሰሙ ባዕድ አምልኮ ነው ብለው ፈሩልኝ። ስወድቅ ግን ማንም አልፈራልኝም።

አስተማሪያችን በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ ቻይናዊት ናት። ብዙ አትናገርም፣ ለዚህ ነው የወደድኳት። እግራችንን በትከሻችን ልክ ከፍተን፣ ጉልበታችንን ትንሽ አላልተን፣ እንደ ዛፍ እንቆማለን። አየሩ በአፍንጫ ገብቶ ከእምብርት በታች ይወርዳል። ሲወጣ ከገባበት ረዘም ብሎ፣ ቀስ እያለ ነው። እኔ ማስገባቱ አይቸግረኝም፤ ማስወጣቱ ነው የሚያቅተኝ። አስተማሪዋ ትመጣና ሁለት ጣቷን ደረቴ ላይ አሳርፋ "እዚህ ጋ ይዘሽዋል" ትለኛለች። የሰው እጅ ሳይነካኝ ወራት ያልፋሉ። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ትንፋሼን ሆን ብዬ እይዘው ነበር።

እንዲህ ሆኜ ደህና ነበርኩ። አንድ ማክሰኞ ግን በሩ ተከፈተና እሷ ገባች።

እሷ የምላት ከስንትና ስንት ዓመት በፊት ለንደን እንደገባሁ ብሪክስተን፣ ኢስቴት በሚሉት የመንግሥት ቤቶች ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ክፍል አብራኝ የኖረች ሴት ናት። አንድ አልጋ ተጋርተናል፣ አንድ ካፖርት ተፈራርቀን ለብሰናል። ክሮይደን ባለው ቢሮ የስደተኝነት ኢንተርቪው እየጠበቅሁ ሳለ እናቴ አዲስ አበባ ሞተች። ስልኩ የተደወለው ለእሷ ነው። አልነገረችኝም። "ልቧ ተሰብሮ ኢንተርቪው ብትገባ የመኖሪያ ወረቀቷን ታጣለች" ብላ የምናውቃቸውን አበሾች መከረች፤ ሁሉም ተስማሙ። ብርዱ አልፎ ሙቀቱ እስኪመጣ ድረስ ደበቁብኝ።

የአገሬን ልማድ አላጣሁትም። መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ ሰው መንገድ ላይ ወይም ባዶ ቤት እንዳይሰማ ነው። ደግ ልማድ ነው። እኔ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ድምፄን በካሴት እየቀዳሁ ለእናቴ እልክ ነበር። ስለ በረዶው፣ ከመሬት በታች ስለሚሄደው ባቡር አወራላታለሁ። መጨረሻ ላይ "እማዬ፣ አንቺም ድምፅሽን ላኪልኝ" እላታለሁ። ካሴቱን ከእጄ የምትቀበለኝ እሷ ነበረች። "መንገደኛ አግኝቻለሁ" ትለኛለች፣ ዓይኔን እያየች።

ወረቀቴ በመጣ ማግስት ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳና ጥቁር የለበሱ ሴቶች ክፍሉን ሞሉት። ጮህኩ። ዞር ብዬ ሳይ ሁሉም ያለቅሳሉ፤ እንባቸው ግን የቆየ ነበር። የየራሳቸውን ቀድመው አልቅሰው ጨርሰዋል። አዲስ ለቅሶ የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ብዙም ሳልቆይ ከዚያ ክፍል ወጣሁ፤ ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስንተያይ በሩቅ አንገት ሰበር አድርገን ሰላም ከመባባል አላለፍንም።

ከእሷ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። ይቅርታ እንድትጠይቀኝ አይደለም። "በደልኩሽ" ብላ ያደረገችውን በገዛ አፏ እንድትጠራው ነው።

ከትንፋሹ በኋላ በጥንድ የሚሠራ ልምምድ አለ። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ የእጁን አንጓ ከሌላው አንጓ ጋር ያገናኛል። አንዱ ሲገፋ ሌላው አይታገልም፤ ወገቡን አዙሮ ግፊቱን ያሳልፈዋል። ከዚያ ተራው የእሱ ይሆናል። እንደ ድንጋይ የቆመ ሰው ይወድቃል ትላለች አስተማሪያችን። ቁጥራችን ጎደሎ ስለነበር እኔ የምሠራው ከአስተማሪዋ ጋር ነበር። ያቺ የድሮ የክፍል ባልንጀራዬ ስትመጣ ቁጥሩ ሞላና አስተማሪዋ ሁለት አበሾችን አንድ ላይ አቆመችን። ውለታ የዋለችልን መስሏታል።

"ውይ፣ አንቺ! ዛሬም ቀጥ እንዳልሽ ነሽ" አለችኝ፣ አንጓዋን እያስጠጋች።

"አንቺም ዛሬም ወሬኛ ነሽ። ዝም ብለሽ ግፊ።"

ገፋችኝ። ተራዬ ሲደርስ ገፋኋት።

"ኧረ ቀስ! ምን ያለ ግፊያ ነው? የመርካቶ አውቶቡስ ላይ የተሳፈርሽ መሰለሽ እንዴ?"

ሳቄ መጣ። ዋጥ አደረግሁት።

ሌላ ማክሰኞ ላይ፣ እጃችን እንደተገናኘ፣ ጠየቅኋት።

"ካሴቶቹን የት አደረስሻቸው?"

"የምን ካሴት?"

"ታውቂዋለሽ።"

ወገቧን ማዞር ረስታ ወደ ኋላ ተንገዳገደች። "ምነው እቴ! ሰው ልጁን ቀብሮ ይረሳል፣ አንቺ ካሴት ይዘሽ ትዞሪያለሽ? ለአንቺው ብዬ ነው። ወረቀትሽን አላገኘሽም?"

"አግኝቻለሁ።"

"እና?"

"እና ተራሽ ነው። ግፊ።"

እንዲህ እየተባባልን ብዙ ማክሰኞ አለፈ። አልዋሽም፣ ቀኑን መጠበቅ ጀምሬ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሰላምታ በቀር በሳምንት ውስጥ አማርኛ የማወራበት ሌላ ቀን አልነበረኝም። ለመጣላትም ቢሆን ሰው ያስፈልጋል።

አንድ ቀን ልምምዱ አልቆ ስንወጣ በመኪና የምታመላልሳት ሴት ልጇ ወደ ጎን ወሰደችኝ። እዚህ ያደገች ስለሆነች እርስዎ ማለት አታውቅም።

"አንቲ፣ ፕሊዝ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። አጎቴ ሞቷል። አዲስ አበባ። እማዬ አታውቅም።"

"ለምን አታውቅም?"

"የጉልበት ኦፕሬሽን አለባት። ስትሬስ ጥሩ አይደለም። ከዚያ በኋላ እንነግራታለን። ቤተ ክርስቲያን ሁሉም ሰምቷል፣ አንቺም ሰምተሽ እንዳትነግሪያት ብዬ ነው።"

"ወንድሟን አታነጋግረውም እንዴ?"

"በየቀኑ ቮይስ ትልክለታለች። ስልኩ ተበላሽቷል ብለናታል።"

እናቲቱ መኪናው ውስጥ ቀበቶዋን አስራ በመስተዋቱ እጇን ታወዛውዝልኛለች። ለልጅቷ እሺ አላልኳትም፣ እምቢም አላልኳትም። "ሂጂ፣ እናትሽን ብርድ እንዳይመታት" ብያት ወደ አውቶቡሴ ሄድኩ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ ብል ውሸት ነው። ደህና ተኝቻለሁ። በኋላ ብቀላ ነው ያሉኝ አሉ። ይበሉ። እነሱ ድምፃቸውን ለሙት ልከው አያውቁም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አንጓዋን ከአንጓዬ ስታገናኝ ፊቷ ፈክቶ ነበር።

"ለወንድሜ ስላንቺ ነገርኩት። ስልኩ ሲሠራለት ይሰማዋል። 'ያቺ አኩራፊ አሁን በየሳምንቱ ትገፋኛለች' አልኩት።"

እጄን አወረድኩ።

"ነይ፣ ወንበር ላይ ተቀመጪ።"

"ምነው? ደከመሽ?"

"አንቺ ተቀመጪ።"

ፊቴን አየችና ተቀመጠች። ወንበር ስቤ አጠገቧ ሆንኩ።

"ወንድምሽ አርፏል" አልኳት።

አልጮኸችም።

"መቼ?"

"ሁለት ሳምንት ሳያልፈው አይቀርም።"

"ልጆቼስ?"

"ያውቃሉ።"

"እሁድ... እሁድ ሴቶቹ ቤቴ መጥተው በልተው ጠጥተው..."

"እነሱም ያውቃሉ።"

ዓይኗ ባዶው ወለል ላይ ሲዞር አየሁት። ማን እንዳቀፋት፣ ማን እንደሳቀላት፣ ለወንድሟ ስታወራ ማን አጠገቧ ቆሞ እንደሰማ ታስታውስ ነበር። ያንን መንገድ አውቀዋለሁ፤ ብቻዬን ሄጄበታለሁ። ቀና ብላ አየችኝ። አሁን ትለዋለች አልኩ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

"ውሃ ስጪኝ" አለች።

አመጣሁላት። ሳትጠጣው እጄን ጨምድዳ ይዛ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔም አለቀስኩ። ለወንድሟ አልነበረም፤ ወንድሟን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። አስተማሪያችን ሌሎቹ እንዲቀጥሉ በእጇ አሳየቻቸውና መጥታ መዳፏን የእሷ ጀርባ ላይ አሳረፈች። ሰዎቹ በዝግታ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ልጅቷ መጥታ እስክትወስዳት እጄን አለቀቀችውም። ያን አንድ ቃል ግን አላለችኝም።

ማታውን ልጅቷ ደወለች። "አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ?" አለችኝ።

"እናትሽን የማልዋሽ።"

ዘጋችብኝ። ኦፕሬሽኑ ለሌላ ጊዜ መተላለፉን ከሰው ሰማሁ።

ለቅሶ ልደርስ ቤቷ ሄድኩ። ልጅቷ በሩን ገርበብ አድርጋ "ተኝታለች" አለችኝ። ከውስጥ ግን የእናቷ ድምፅ ይሰማል፤ ወንድሟ በልጅነቱ የሠራውን ቀልድ ለሴቶቹ እያወራች ሴቶቹ እንባና ሳቅ ቀላቅለዋል። ነጠላዬን አስተካክዬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞም መጥታ አታውቅም።

ዛሬም ቢሆን እነግራታለሁ። ሐሳቤን አልቀየርኩም። አዲስ አበባ አንዲት እህት ቀርታኛለች፤ ታማ ከተኛች ሰንብታለች። ስልኩ የሚጮህ ቀን የማነሣው እኔው ነኝ። ከእኔ የሚደብቅ ሰው የለም፣ በማለዳ መጥቶ የሚያረዳኝም የለም።