የእንቁራሪቶቹ አሸዋ

ጎረቤቴ ቤት እየሠራ ነው። ጠዋት ጠዋት አሸዋ ሲነፋ እሰማለሁ፤ ድምፁም ባሕር ዳር ወዳለው የልጅነት ግቢያችን ይመልሰኛል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ታላቅ ወንድሜ ለውትድርና ሲሄድ፣ ከጣና ዳር ያመጣቸውን ሁለት እንቁራሪቶች አደራ ሰጠኝ። ከውኃ የማይወጡ ዓይነት ስለነበሩ በሳፋ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ሲመለስ ቤታቸው አምሮ እንዲያገኘው ከሐይቁ ዳር የሚያብረቀርቅ ጠጠር ለቅሜ መጣሁ።

ሳፋው ውስጥ ልበትነው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተይ፣ ትል ሲበሉ አብረው ይውጡትና ሆዳቸው ውስጥ ይቀራል። ደቃቅ አሸዋ ይሻላቸዋል።»

ከዚያ የዱቄት ወንፊቷን አምጥታ አሸዋ ትነፋበት ጀመር። ያን ወንፊት ስንነካባት እንኳ ትቆጣ ነበር።

«ለፋሲካ ይመጣ የለም እንዴ? እስከዚያ ያለ ምንም ቢቆዩስ?» አልኋት።

«ለብዙ ጊዜ የሚሆን እናድርግላቸው፣ ልጄ።»

ቀና ብላ አላየችኝም። አሸዋውን ደጋግማ አጠበችው፤ ውኃው ከጠራ በኋላም አላቆመችም።

ወንድሜ አልተመለሰም። እኔም አድጌ ጋዜጠኛ ሆንሁ፤ ስንቱን ሰው ጠየቅሁ። እናቴ ግን ያን ቀን ምን ታውቅ እንደነበር ሳልጠይቃት አረፈች።