አርፏል

ሰው ሳይጠራ በሬን ሲያንኳኳ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። ወረቀት ከያዘ ደላላ ነው፤ ባዶ እጁን ከመጣ ደግሞ ይብሱን እጠረጥረዋለሁ። እኛ የምንኖርበት መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ የሚወጣ ሰው ያለ ምክንያት አይለፋም። ያ ሽማግሌ ባዶ እጁን ነበር። እያለከለከ የወንድሜን ስም ጠራ።

ወንድሜ በደርግ ጊዜ ሰሜን የሚዋጋ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ባልደረባ ነበር። አብራሪ አልነበረም፤ ካርታ እያየ መንገድ የሚመራ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ያኔ ቤታችን ቀበና ነው፤ በሰፈሩ ስልክ ያለው ሱቁ ብቻ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጦር ሰፈሩ ተደወለ ተባለና እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች ሮጠች። የደወለው ሰው "ልጁ አርፏል" ሲላት እዚያው ሱቁ ውስጥ እልልታዋን አቀለጠችው። አውሮፕላንም ያርፋል፣ ሰውም ያርፋል፤ እናቴ የሰማችው የአውሮፕላኑን ነው። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ።

ከሳምንታት በኋላ የመጣው ደብዳቤ "ከግዳጅ አልተመለሰም" ብቻ ይላል። እናቴ "ማረፉንማ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ የት እንዳረፈ እናንተ ንገሩኝ" ብላ ሞገተች። ለቅሶ አልተቀመጠችም። ሰፈሩ በበኩሉ የመሰለውን አወራ፤ ከድቷል፣ ውጭ አገር አግብቶ ወልዷል አሉ። እኔም አመንኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ጠላሁት። እናቴ እንጦጦ ማርያም እየወጣች ስሙን ከሕያዋን ጋር ስታስጠራ፣ ለእኔ የሚታየኝ የሆነ አገር ወፍሮ የተቀመጠ ሰው ነበር።

ስለዚህ ሽማግሌውን ሳስገባው በሩን አልዘጋሁም። እናቴ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ነበር።

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"ሬዲዮ ላይ ነበር የምሠራው። ያን ቀን የደወልኩት እኔ ነኝ።"

"በምን አምንዎታለሁ?"

"የቀበና ቤታችሁ ጣራ ላይ ቀይ የቆርቆሮ መጣፊያ ነበረበት። ልጅ እያለ እንጦጦ ላይ ቆሞ ቤታችሁን በዚያ ነበር የሚለያት። በአዲስ አበባ ሰማይ ባለፈ ቁጥር 'የእማዬን ጣራ አየሁት' እያለ በሬዲዮ ይነግረኝ ነበር።"

ያንን መጣፊያ ከበርሜል ቆርጦ የቸነከረው ራሱ ወንድሜ ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"አውሮፕላናቸው ከተራራ ሲጋጭ በሌላው አውሮፕላን የነበሩት አይተዋል" አለ። "ስልኩን ያነሳችው ጎረቤት መስላኝ ነበር። ለቤተሰቡ በወጉ ይነገር ልላት ስል እልልታውን ሰማሁ። መስመሩ አልተቋረጠም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት።"

"ይህን ሁሉ ዓመትስ?"

"ፈራሁ፣ ልጄ።"

ወንድሜ አልከዳም። ዕድሜዬን ሙሉ የጠላሁት ሰው በሕይወት አልነበረም። አፈርኩ፤ ግን አሁንም ሰውየውን ማመን አልፈለግሁም።

እናቴ ሶፋው ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

"መርዶ እንዲህ ነው እንዴ የሚነገረው?" አለችው። "በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻህን? ወግ የለህም? ሂድ። ነገ ጎህ ሲቀድ ሰው ይዘህ ና።"

ሲወርድ በመስኮት በዓይኔ ተከተልኩት። ወደ ታክሲ መያዣው ሲያዘግም አንዴም ዞሮ አላየም። አይመለስም አልኩ። ያን ሁሉ ዓመት የሸሸ ሰው አንድ ቀን መጨመር ምን ያቅተዋል? ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። እሷ በማለዳ ጎረቤቶቹን ቀስቅሺ ብላ አዝዛኝ በጊዜ ተኛች።

ንጋት ላይ ደረጃው ላይ የብዙ እግር ድምፅ ተሰማ። በየፎቁ እየቆሙ ያርፋሉ፣ ደግሞ ይወጣሉ። አራት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አንዱ የትናንቱ ሰውዬ ነው፤ ሦስቱን አላውቃቸውም፤ የጦር ሰፈር ጓደኞቹ ናቸው። እናቴ ጥቁር ሻሽ አስራ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰውየው ፊቷ ቆመ።

"እማማ፣ ልጅዎ ሞቷል" አለ።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ቀድማ ትጮኻለች ብለን ሁላችንም እሷን እያየን ነበር። የጮኽኩት እኔ ነኝ።