ቢላዋ በቻይንኛ

አሳማ ሲጠበስ መጀመሪያ የሚመጣው ሽታ መጥፎ አይደለም። እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። ጠዋት ባዶ ሆዴን ከሆንኩ ምራቄ ይሞላል፤ ወዲያው ምን እንደሆነ ትዝ ሲለኝ ያው ምራቅ አፌ ውስጥ ይጎመዝዛል፤ ወጥቼ እተፋዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስተፋ ኖሬያለሁ።

ሐራ ገበያ ላይ፣ ከቤታችን በእግር የሚደረስበት፣ ለባቡር ሐዲዱ ሥራ የመጡ ቻይናዎች ካምፕ ነበር። እኔ እዚያ ወጥ ቤት ተቀጠርኩ፤ አትክልት መክተፍና ሳህን ማጠብ። እናቴ ስነግራት መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየችኝ።

«ሥሪ፤ ላብሽን አፍስሰሽ ያገኘሽው ሐላል ነው» አለች። «ብቻ ያንን ነገር በእጅሽ እንዳትነኪ። እሱ የነካውንም ዕቃ እዚህ ደጃፍ እንዳታደርሺብኝ።»

አሳማ የሚለውን ስም አፏ አይጠራውም። «ወላሂ አላደርስም» አልኩ። አንዴ ማልኩ ማለት ነው።

ይህንን ለወጥ ቤቱ ኃላፊ፣ ጸጉሩ ሸበት ላለ ቻይና፣ ማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ቢላዋውን አነሳሁ፣ ሥጋውን ጠቆምኩ፣ እጄን አራገፍኩ፣ በመጨረሻ እንደሚያስመልሰው ሰው ሆኜ አሳየሁት። ሳቀ። «ችግር የለም!» አለ። ቻይና ሁሉ መጀመሪያ የሚለምዳት አማርኛ እሷ ናት። በማግስቱ ስመጣ ግድግዳው ላይ ሁለት ሰሌዳ ተመትቶ ጠበቀኝ። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ተጽፏል፤ አንዱ በጥቁር ቀለም፣ አንዱ በቀይ። ከየፊደሉ ሥር ቢላዋ ተሰቅሏል። ቀዩ የአሳማ፣ ጥቁሩ የእኔ።

«ዳው» አለ ፊደሉን እየጠቆመ። ቢላዋ ማለት ነው። 刀። ካርቶን ላይ በእርሳስ አጻፈኝ። አግድም ይሄድና ወደ ታች ይታጠፋል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ መንጠቆ አለው፤ ከዚያ ከላይ አንድ ጭረት ወደ ግራ ይወርዳል። በቃ። መንጠቆውን ስረሳ ጣቴን በእርሳሱ ጀርባ ቸብ ያደርገኛል፣ ደግሜ እጽፋለሁ። ቤት ገብቼ ምድጃው አመድ ላይ በጣቴ ጽፌ ለእናቴ አሳየኋት።

«ይቺማ ማጭድ ናት፤ ምኗ ነው ቢላዋ?» ብላ አሾፈችብኝ። ግን ደስ ብሏታል። ልጄ ቻይንኛ ትጽፋለች እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ስታወራ ሰነበተች። ድንቄም ቻይንኛ! አንዲት ፊደል!

ካምፑ ሊነሳ ሲል ሰውዬው ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ የነበረችውን ቢላዋ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ስጦታ መሆኑ ነው። ሰፊ ናት፣ ከበድ ትላለች፣ ጎኗ ላይ ያቺው ፊደል ተቀርጻባታለች። እናቴ እንዴት እንደወደደቻት! ከመርሳ ገበያ የገዛናት ቢላዋ ቲማቲም ትጨፈልቃለች እንጂ አትቆርጥም፤ ይቺ ግን ሽንኩርቱን እንደ ቅቤ ነው የምትከፍለው። እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን ክርስቲያን ናቸው፤ እሳቸው እንኳ ለጾም ጎመናቸው እየተዋሱ ከተፉባት።

ከሳምንት በኋላ የሥራ ሽርጤን ልመልስ ካምፑ ሄድኩ። ሰውዬው ለመሰናበቻ ግብዣቸው ያንን ሥጋ እየቆራረጠ ነው። ነጩ ስብ መክተፊያው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ቆዳው ላይ ጸጉር ቀርቶበታል። እጁ ላይ ያለው ቢላዋ ግን የቀዩ አይደለም። በእኔዋ ምትክ ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ የሰቀለው ነው።

በእጄ ምልክት ጠየቅኩት። የቀዩን ስለት በአውራ ጣቱ ዳበሰና ራሱን ነቀነቀ፤ ደንዟል ነው። ከዚያ የያዘውን ቢላዋ ወደ ቧንቧው ወሰደ፣ በሳሙና አጠበ፣ በፎጣ አደረቀ፣ ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ መልሶ ሰቀለ።

«ታጠበ። ችግር የለም» አለኝ።

«ድሮም፣ በእኔዋም እንዲህ ነው?»

«ድሮም» አለ ፈገግ ብሎ።

ሰውዬው አላታለለኝም። ለእሱ ቢላዋ ከታጠበ ቢላዋ ነው፤ ሰሌዳውም መስቀያ ነው። ለእኛ ግን ያ ነገር የነካውን ብረት ሳሙና አያጠራውም። ይህን እሱ ከየት ይወቀው፤ እኔም የፊደሏን ቀለም አየሁና አመንኩ።

ከአጥሩ ውጭ ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስመለስኩ። ቤት ስደርስ እናቴ በዚያችው ቢላዋ ሽንኩርት ትከትፋለች። «ነይ ብዪ» አለችኝ። ተናግሬ ፊቷ ሲለዋወጥ ማየት ፈራሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ከአንድ ትሪ አብሬያት በላሁ። አሁን የሚቀፈኝ አሳማው አይደለም፤ እኔው ራሴ ነኝ። እሷ ውዱእ ታደርጋለች፣ ትሰግዳለች፣ ተነስታ በዚያች ቢላዋ ትከትፋለች፤ እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ቱ! እንደኔ ያለ ልጅ ይወለዳል?

በአራተኛው ቀን ዓረፋ ሆነ። ከሶላት መልስ በጋችን ታረደ። የሚያርዱልን የሰፈሩ ሽማግሌ ለማረጃ የራሳቸው ካራ አላቸው፤ ለመበለቱ ግን «እስቲ ያችን የቻይና ቢላዋ አምጪልኝ፣ ልጄ» አሏት እናቴን። እናቴ እየሳቀች ይዛት ወጣች። ሥጋው ለእኛ ብቻ አይደለም፤ ለጎረቤትና ለደካማ የሚከፋፈል ነው። ሽማግሌው እጃቸውን ሲዘረጉ ጮህኩ።

«አባባ፣ አይንኳት! በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይንኳት!»

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ለፈለፍኩት። ሽማግሌው «አኡዙ ቢላህ!» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። እትዬ ከአጥሩ ማዶ «በስመ አብ! ጎመኔን!» ብለው አማተቡ። በዚህ ነገር ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ነው።

«መቼ አወቅሽ?» አለች እናቴ።

«ሦስት ቀኔ።»

«አይዞሽ፤ ሳታውቂ ነው» አሏት ሽማግሌው። «ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ ባፈር ይሁን። ይጠራል።»

ብትቆጣኝ በወደድኩ። እሷ ግን ቢላዋዋን፣ ድስቱን፣ ትሪውን ደጅ አወጣችና አፈር እየነሰነሰች፣ ውሃ እያፈሰሰች፣ ሰባት ሰባት ጊዜ አጠበቻቸው። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረች።

«እጅሽን አምጪ።»

ሰጠኋት። ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ የጥፍሬን ሥር ሳይቀር፣ ባፈር ፈተገቻቸው፤ ድምፅዋን አውጥታ ትቆጥራለች። ሰባት ስትል አበቃ ብዬ እጄን ልሰበስብ ሞከርኩ። ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝና እንደገና አፈር ዘገነች።

«ያ ለቢላዋዋ ነበር» አለች። «ይሄ ለሦስቱ ቀን ነው። አንድ።»