የአክስቴ ዘመነ ሉቃስ

አክስቴ ዓመት የምትቆጥረው በወንጌላውያን ነው። «በማቴዎስ ተዳርኩ፣ በዮሐንስ ባሌ ሞተ» ትላለች፤ አገሬው ሁሉ እንደዚያው ነው። ቁይ ከተማ ባለ ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኝነት የተቀጠረችው ደግሞ በሉቃስ ነበር። ከእሷ ወር ያህል ዘግይቶ ለገባው ዘበኛ የቅጥር ደብዳቤ በእጁ ሲሰጡት፣ እሷን «ስምሽ መዝገብ ላይ አለ» ብለው ሸኟት። ሴት ደብዳቤ ምን ያደርግላታል ብለው ይሆናል።

ከዓመታት በኋላ የሠራተኛው ማኅደር እንደ አዲስ ሲደራጅ የሚሞላ ፎርም መጣ። ከቤተሰቡ የተማርኩት እኔ ነበርኩና ብዕር ያዝኩ።

«መቼ ተቀጠርሽ?» አልኳት።

«በሉቃስ» አለች።

ሉቃስ በየአራት ዓመቱ እንደሚመለስ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ቸኩዬ ነው። ቅርብ ያለውን ሉቃስ ቆጥሬ ጻፍኩ። እሷ ማንበብ አትችልም፤ አምናኝ አውራ ጣቷን አሳረፈችበት። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የተባለው ለእኔ ነው።

ጡረታ ስትወጣ ጉዱ ፈላ። ደብረ ማርቆስ ጡረታ ቢሮ ያገኘነው ወጣት ማኅደሯን አገላብጦ፣ «እማማ፣ አገልግሎትዎ አሥር ዓመት አልሞላም። አንድ ጊዜ የሚከፈል ይሰጥዎታል እንጂ የወር ጡረታ አይገባዎትም» አላት። የጎደለው እኔ የበላሁት አራት ዓመት ነበር። አክስቴ መሬት የላት፣ ጧሪ ልጅ የላት፤ ተስፋዋ ያው ጡረታ ነው። አፈርኩ። ይባስ ብዬ በር ላይ «የሚሰጡሽን ተቀበይና እንሂድ» አልኳት።

«የሠራሁትን ዓመት ለማን ትቼ?» አለችኝ።

ቁይ እንደገባን በቀጥታ ዘበኛው ቤት ሄደች። እሱ የጡረታ ደመወዙን መቀበል ከጀመረ ሰንብቷል። ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አኑሮት ኖሯል። በማግስቱ ሦስታችን ደብረ ማርቆስ ወረድን። ዘበኛው ደብዳቤውን ወጣቱ ፊት ዘረጋውና፣ «ቀኑን እየው ልጄ። በዚያን ቀን ሥራ ስገባ በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት፤ ክፍሎቹን ጠርጋ ጨርሳ ነበር» አለ።

አክስቴ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ስምሽ መዝገብ ላይ አለ ብለውኛል። በሉ መዝገቡን አውጡት» አለች።

የድሮው የደመወዝ መዝገብ ከመጋዘን እስኪገኝ ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ተመላለሰች። እኔ ሦስት ጊዜ ተስፋ ቆረጥኩ፤ እሷ አንድም ጊዜ። ኮርቼባታለሁ፤ ያኔም ነግሬያታለሁ። በመጨረሻ ስሟ ተገኘ፣ ከዘበኛው ስም በላይ ተጽፎ።

የወር ጡረታዋ የተፈቀደ ሰሞን ስለ ስህተቴ ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ቤቷ ውስጥ አራት ሴቶች ተቀምጠዋል። ሁሉም እዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት የሚሠሩ፣ ሁሉም ደብዳቤ በእጃቸው ያልገባ ናቸው። ጠርታ የሰበሰበቻቸው እሷ ናት። ይቅርታዬን ሳልጀምረው ወረቀትና ብዕር አቀበለችኝ።

«ደብዳቤያችን ይሰጠን የሚል ማመልከቻ ጻፊላቸው» አለች። «መጀመሪያ ግን የትኛው ሉቃስ እንደሆነ ጠይቂ።»