መጋዝ ደቀ መዝሙር ሊሆን

አናጺውን ሰፈሩ ሁሉ «መጋዝ» ይለው ነበር፤ በመሣሪያው እንዳይመስላችሁ፣ በድምፁ ነው። ሲያንጎራጉር የሰማ ጎረቤት «ዛሬ ደግሞ ምን ሊቆርጥ ነው?» ይላል።

አንድ እሑድ ሽማግሌው ሰባኪ ከመድረክ ወርደው በወንበሮቹ መካከል እየተራመዱ፣ «ጌታ አጨብጫቢ ሞልቶታል፤ የሚፈልገው ደቀ መዝሙር ነው» ሲሉ ዓይናቸው እሱ ላይ አረፈ። በአርባ ስድስት ዓመቱ ለቁም ሣጥን ካልሆነ በቀር ማንም ፈልጎት አያውቅም። እሺ ለማለት ቸኮለ፤ ግን መዝሙር! በየትኛው ጉሮሮው?

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት።

«ምእመኑን ሊበትኑት ነው እንዴ?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ሳቂ አንቺ! ተጠርቼ እምቢ ልበል?»

ፊቱን ስታይ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «በል እንግዲያው፣ ማር በሙቅ ውሃ ልበጥብጥልህ።»

ሳምንቱን ሙሉ ሳንቃ እየላገ ተለማመደ። ሐሙስ ዕለት አንዲት ደንበኛ ብቅ አለችና፣ «ወንድሜ፣ የዚህ በር ማጠፊያ ዘይት አያሻውም? እንዴት ነው የሚያላዝነው!» አለችው። ተስፋው እዚያው ሙሽሽ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰባኪው ቤት ሄደ።

«አባቴ፣ ጥሪውስ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ድምፅ የለኝም፤ ሌላ ሰው ይፈለግ» አለ።

«የምን ድምፅ?»

«ደቀ መዝሙር ብለው የለ?»

ሽማግሌው ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። «ልጄ፣ ደቀ መዝሙር እኮ ዘማሪ አይደለም፤ ተማሪ ነው። አናጺነትን እንዴት ለመድክ?»

«አለቃዬን ተከትዬ ነዋ። እጃቸውን እያየሁ፣ እያበላሸሁ፣ እየተቆጡኝ።»

«ይኸው ነው! ጌታንም እንደዚያው ነው የምትከተለው። ደግሞ እሱም አናጺ ነበር፤ የሙያ ባልደረባህን ምን ትፈራለህ? በል፣ ተነሥ።»

«አሁን?»

«ጥሪ ቀጠሮ አለው እንዴ?»

ይዘውት የሄዱት አልጋ ከያዙ ሦስት ዓመት ወደሆናቸው አንድ ነጭናጫ ጡረተኛ ቤት ነበር። ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰብስበው ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ቀዱና ተንበርክከው የበሽተኛውን ቀኝ እግር ያጥቡ ጀመር። መጋዝ በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ አየ። ከዚያ እሱም ተንበርክኮ ግራውን እግር ያዘ።

«ኧረ ቀስ!» ጮኹ በሽተኛው። «እንጨት መሰለህ?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ገና ተማሪ ነኝ» አለ፣ ሳሙናውን በጣቶቻቸው መካከል በቀስታ እያሸ።