ማተቤን ወደ ጀርባዬ ያዞርኩበት ራጅ

ልጆቹ ይንገሩን አሉኝ። ከልጅ ልጆቼ ትንሿ የመጨረሻ መንጋጋዋ ተጋድሞ አልወጣ ብሏት፣ የአፍን ጥርስና አጥንት ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚያሳየው ትልቁ የጥርስ ራጅ ታዘዘላት። ፓኖራሚክ ይሉታል። እሷም ፈራች። ከቤቱ ሰው ያንን ራጅ የተነሳሁ እኔ ብቻ ነኝና “እምዬ፣ እንዴት እንደነበረ ከመጀመሪያው ይንገሩን” ብለው ከበቡኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ እናገራለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ። የተበላሸ ቢኖር የእነሱ ነው።

ያን ጊዜ በግራ በኩል የታችኛው ድዴ ላይ እብጠት ወጥቶብኝ ነበር። ይፈርጣል፣ መግል ያወጣል፣ ይደርቃል፤ ወር ሳይሞላው ይመለሳል። ገበያ ላይ ጥርስ ከሚነቅል ሰው ዘንድ ሄጄ ሁለት ጥርስ አስነቀልኩ። ጥርሶቹ ሄዱ፣ እብጠቱ ቀረ።

እኔ ዟሪ ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ አንድ ቤት ሁለት ሳምንት ተቀምጬ አላውቅም። ዝናቡ ሲያባራ ከዳንግላ ቆሰበር፣ ከቆሰበር አዘና፣ ዘመድ ስጠይቅና ንግሥ ስሳለም እከርማለሁ። ሚኒባስ ብሳፈርም መንገዱ ሲያምረኝ ግማሹ ላይ እወርዳለሁ። መንገድ ያስለመደችኝ እናቴ ናት። ካገባሁ በኋላ እንኳ በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ከባሌ ቤት ድረስ መጥታ ትወስደኝ ነበር። በበቅሎ ሂዱ ቢሏት እምቢ ትላለች፤ በእግር ብቻ።

ዳንግላ የምታኖረኝ ትልቋ የልጅ ልጄ ያኔ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። እብጠቱን አየችና “ይሄ ነገር ነቀርሳ ከሆነ ከዚህ ደጃፍ አይወጡም፣ እምዬ” አለችኝ።

“ከወጣሁስ?”

“ጫማዎን እደብቃለሁ።”

“ጫማ ሳላውቅ ነው መንገድ ያወቅኩት።”

ሳቀች፤ የምሯን ግን ነበር። ሞቱስ ለማን ይቀራል። የፈራሁት መቀመጡን ነው።

ይዛኝ ቆሰበር ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሟ ሴት ናት። ድዴን ነካካችና “ከላይ ሲያዩት አይታወቅም፤ ውስጡን ማየት አለብን” ብላ ራጁን ጻፈች። ራጅ የሚያነሳው ጎልማሳ ከበሩ ላይ ተቀበለን።

“እናቴ፣ ከአንገት በላይ ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ይውለቅ። ጉትቻ፣ የጠጉር መርፌ፣ መነጽር፣ የአንገት ሐብል። ሰው ሠራሽ ጥርስም ካለ።”

“የቀሩኝስ እግዜር የሠራቸው ናቸው” አልኩት። ጉትቻዬን አውልቄ ለልጅ ልጄ ሰጠኋት።

“አንገትዎ ላይስ?”

“ምንም የለ።”

ውሸቴን ነበር። ክርስትና ከተነሳሁ ጀምሮ ክሩ ይለወጣል እንጂ አንገቴ ያለ ማተብ ውሎ አያውቅም። ማተቤ ላይ ትንሽ የብር መስቀል አለች፤ የጆሮ ኩክ ማውጫ አለች፤ ወረንጦም አለች፣ እሾህ የምነቅልባት። የመንገድ ሰው ያለ ወረንጦ አይወጣም። ያን ሁሉ አውልቂ ሊለኝ ነው ብዬ ሰጋሁ። ፎቶ አንሺ መቼም ከፊት ነው የሚያነሳ። ስለዚህ ማተቤን ወደ ጀርባዬ አዞርኩና ነጠላዬን ደረብኩበት። ከኋላ ማን ያያል?

ልጄ እጄን ይዛ ልትገባ ነበር። ጎልማሳው “እርጉዝ አይደለሽም?” አላት፤ ደግሞ ሆዷ ይታያል። “ባትሆኚም ከሚነሳው ሰው በቀር እዚህ ማንም አይቆምም” ብሎ አስወጣት። ራሱም ሊወጣ ነው።

አቆመኝ። አገጬን ማረፊያው ላይ አስቀመጠ፤ ላስቲክ የለበሰች ትንሽ እንጨት መሳይ በፊት ጥርሶቼ አስነከሰኝ፤ በሁለት እጄ መያዣውን አስያዘኝ። “ምላስዎን ላንቃዎ ላይ ይለጥፉ፤ እኔ በቃ እስክል አይንቀሳቀሱ።”

ከደጅ ሆኖ በመስታወት ያየኛል። “ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል፣ እናቴ።”

እንጨቱን እንደነከስኩ “ጸሎት ነው” ለማለት ሞከርኩ።

“ገብቶኛል፤ በልብዎ ያድርሱት።”

ከዚያ መሣሪያው እዝዝ እያለ ተነሳ። ክንድ አለው፤ ክንዱ ቀስ እያለ በጉንጬ በኩል አለፈና ወደ ኋላዬ ዞረ። በማጅራቴ፣ በማተቤ በኩል! እንዳልናገር አፌ እንጨት ነክሷል፤ እንዳልሸሽ አይንቀሳቀሱ ተብያለሁ። እንደ ምሰሶ ቆሜ ዞሮ እስኪጨርስ ጠበቅኩ። አቡነ ዘሰማያትን በልቤ ጀምሬ ሳልጨርስ አበቃ። አላመመኝም፣ አልነካኝም፤ ሙቀት እንኳ የለውም።

ስክሪኑ ላይ ጥርሶቼ እንደ ተላጠ የበቆሎ ራስ ተዘርግተዋል። ከታች ግን ደመና የመሰለ ነጭ ነገር መንጋጋዬን ጋርዶታል፤ የሚያመኝን ቦታ ጨምሮ።

“ምንድነው ይሄ?” አለ ጎልማሳው። ሐኪሟ አየችና “እንዲህ ሆኖ ምንም ማለት አልችልም” አለች።

ልጄ ነጩን አይታ በሽታው መሰላት። ግድግዳውን ተደግፋ ማልቀስ ጀመረች፤ በዚያ ሆዷ። ያን ጊዜ አላስቻለኝም። ነጠላዬን ገለጥኩና ማተቤን ወደ ፊት ስቤ አሳየኋቸው።

“እምዬ! ገደሉኝ እኮ!” አለች፤ እንባዋ ሳይደርቅ ቁጣዋ መጣ።

ጎልማሳው ግን ሳቀ። “ክሩን ማን ጠየቀዎት፣ እናቴ? ክር ራጅ ላይ አይታይም። የተንጠለጠለው ነው የሚያስቸግር። መሣሪያው ራስዎን ዞሮ ነው የሚያነሳ፤ ፊት ሆነ ኋላ ለእሱ አንድ ነው።”

ሐኪሟ አልሳቀችም። “ጨረሩ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ያለ ምክንያት አይደገምም። ለዚህ ነው እውነቱን የምንጠይቅ” አለችኝ። አፈርኩ።

መስቀሏም ወረንጦዋም በቀጭን ክር ነበር የታሰሩት። ልጄ ቋጠሮውን በጥርሷ እየፈታች “ጥርስ ያለው ሰው ይዘው መምጣትዎ በጀ” አለችኝ። ማተቤ ግን አንገቴ ላይ ቀረ።

ሁለተኛው ጥርት ብሎ ወጣ። ደመናው የለም። በግራ መንጋጋዬ ላይ ግን አንዲት አጭር ነጭ መስመር ቁልጭ ብላ ትታያለች።

“እናቴ፣ ደግሞ ምን ደበቁ?”

“በማርያም፣ ምንም!”

ማን ይመነኝ። ልጄ ጠጉሬን በጣቷ አበጠረች፤ ነጠላዬን አራገፈች፤ የቀሚሴን አንገት ዳበሰች። የለም። ሐኪሟ ከንፈሬን ገልጣ ጥቁር ድዴን ለጥቂት ጊዜ አየችው።

“ድድዎን መቼ ነው የተነቀሱት?”

“ልዳር ስል። ልጅ ነበርኩ።”

“በምን?”

“በመርፌ ነዋ፤ በመርፌና በጥላሸት።”

“ይኸው የመርፌው ስባሪ” አለች ነጯን መስመር እያሳየች።

ልጄ “ነቀርሳ አይደለም ማለት ነው?” አለች። ሐኪሟ ራጁ ላይ ያን የመሰለ ነገር እንዳልታያት፣ ራጅም ብቻውን ሁሉን እንደማይናገር፣ ብረቷ ወጥታ ቁስሉ ከዳነ ግን ነገሩ እንደሚያበቃ ነገረችን። መርፌዋ ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ብላ ተኝታ ኖራ፣ ድዴ በእርጅና ሲሸሽ ነው የተነሳችው አለች። የተነቀሉት ጥርሶቼስ ብላት “እነሱ ምንም አላደረጉም ይሆናል” አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ማደንዘዣ ወግታ አወጣቻት። የስንዴ ቅንጣት ታክላለች፤ ጠቁራለች። የስንቱን እግር እሾህ በወረንጦዬ ነቅያለሁ፤ የራሴን ግን አፌ ውስጥ ይዤ ስዞር ኖሬያለሁ። እብጠቱ ደረቀ፤ አልተመለሰም። ልጄ ጫማዬን ራሷ አውጥታ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችልኝ።

እንግዲህ አንቺ የምትፈሪው፣ የሚያምም ነገር የለውም። ብረት ያለበትን ሁሉ አውልቂ፣ የተጠየቅሽውን እውነቱን ተናገሪ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ። የኔን የመሰለ ነገር ካልደበቅሽ አንዴ ይበቃል።

ከዓመታት በኋላ አዘና ያለችውን ታላቅ እህቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ይህንኑ ለሳቅ ብዬ ነገርኳት። አልሳቀችም። ስነቀስ ጭንቅላቴን የያዘችው እሷ ነበረች። በአዊኛ ነገረችኝ፤ መርፌዋ ስትሰበር እሷም እናቴም አይተዋል። ሙሽራዪቱ አፍ ውስጥ ብረት ቀርቷል ተብሎ ሠርጉ እንዳይፈርስ እናቴ ዝም አሰኘቻት። ከዚያ እናቴ ለኅዳር ሚካኤል ተሳለች፤ “ብረቷ ልጄን ካልጎዳቻት፣ በሕይወት እስካለሁ በየዓመቱ በእግሬ ይዣት እመጣለሁ” ብላ።